ድልድዩ ላይ የሞተው ጌታቸው

ቂም መያዝ ቀላል ይመስላችኋል። አይደለም። በእኛ አገር በተለይ አድካሚ ሥራ ነው። አንድን ሰው እስከ ዕለተ ሞቴ አላናግረውም ብላችሁ ምላችሁ ከቤት ትወጣላችሁ፤ ብዙም ሳትቆዩ የአክስታችሁ ልጅ ሠርግ ይደርስና ከዚያው ሰው ጋር አንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጧችኋል። እጅና እጅ ወጡ ላይ ይጋጫል፤ እሱ ደህናዋን ሥጋ ወደ እናንተ በኩል ገፋ ያደርጋታል፤ እናንተ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሳችሁም። በቃ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተንከባከባችሁት ቂም በአንድ ጉርሻ ሄደ። ከሠርግ ያመለጠውን ቂም ደግሞ ለቅሶ ያገኘዋል። ስንት የተከበረ ቂም ድንኳን ውስጥ ሲሟሟ አይቻለሁ። ስለዚህ ቂሙን በወጉ ሊይዝ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያስፈልገዋል፦ ብቻውን መሆን።

እኔ በዚህ ረገድ የተመሰከረልኝ ባለሙያ ነበርኩ።

የእኔ ቂም ስም አለው፤ ጌታቸው ይባላል። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን፣ አንድ ዶርም አድረን፣ በአንድ ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ተመደብን። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ በዚያ ዘመን ግድግዳው ጆሮ ነበረው፣ ጆሮው እስካሁን መዘጋቱን እርግጠኛ አይደለሁም። ታዲያ ለአንድ መሐንዲስ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የመማር ዕድል መጣ። ተፈተንን፤ እኔ አለፍኩ፤ ጌታቸው ከእኔ ቀጥሎ ሆነ። ሻንጣ ሁሉ ተውሼ ነበር። ከመሄዴ በፊት ግን እንደ ጊዜው ደንብ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ማለፍ ነበረብኝ። ይህን ስብሰባ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰብና አንዱ ቆሞ የራሱን ጉድፍ ይናገራል፤ የረሳው ካለ ጓዶቹ ያስታውሱታል። እኔ ተነሥቼ «አንዳንድ ጊዜ ጠዋት አረፍዳለሁ» አልኩ። ከኋላ ወንበር የጌታቸው እጅ ወጣ።

«ጓድ ይመር ጎበዝ ሠራተኛ ነው» አለ። በስብሰባ ላይ «ጎበዝ» ስትባሉ ነው መፍራት ያለባችሁ። «ነገር ግን የግለኝነት ዝንባሌ ይታይበታል። ብቻውን ማንበብ፣ ብቻውን መብላት፣ ብቻውን መሄድ ያዘወትራል። ወደ ውጭ አገር ቢላክ ይኸው ዝንባሌ ሊጠነክርበት ይችላል።»

ልብ በሉ። ያን ጊዜ የማነበው ከጌታቸው ጋር ነው፤ የምበላው ከጌታቸው ጋር ነው፤ ስሄድም ከጎኔ ያለው ጌታቸው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጀርመን እሱ ሄደ፣ እኔ ሻንጣውን ለባለቤቱ መለስኩ። ብቸኛ ነው ያለው ነገር ያኔ ሐሰት ነበር። በኋላ እኔ ራሴ እውነት አደረግኩለት።

በመጀመሪያ ኮምቦልቻን ለቀቅኩ። ያ ሁሉ ያጨበጨበ እጅ ሻይ ቤት ውስጥ ስኳር ሲያማስል ማየት አልፈለግኩም። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ እትዬ ፋጡማ ከሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ሙቀቱ ያወርደኛል፤ ማታ ሽቅብ ወደ ብርዱ ይመልሰኛል። በሁለቱም መንገድ በመስኮት አያለሁ። ከማንም ጋር አላወራም።

አንድ ቀን የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ መጡ። ቅሬ ማለት በእኛ በወሎ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን የሚል የለውም። ጋሽ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከንፈራቸው ላይ መርፌ ነክሰው ነው የሚያወሩት።

«ልጄ፣ አንተን ቅሬ እናስገባህ እንጂ።»

«ስብሰባ አልወድም ጋሽ እንድሪስ።»

«አቦ! ይኼ ምን ስብሰባ ነው? ሬሳ እንሸከማለን እንጂ ማንንም አንሂስም።»

«ይቅርብኝ።»

«እሺ፣ ስትሞትስ ማን ይሸከምሃል?»

«ያኔ አልሰማም።»

መርፌዋን ከከንፈራቸው አወጡ። «ለሞተው መቼ ጨነቀኝ» አሉ፤ «እኔ የምለው ለቆመው ነው።» ከዚያ በኋላ ባዩኝ ቁጥር ከሩቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ግቢው በእኔ ተስፋ ቆረጠ። እትዬ ፋጡማ ብቻ አልፎ አልፎ በሬን አንኳኩተው «አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላለሁ። የማወራው በአብዛኛው ይኸው ነበር።

ጌታቸው ተመለሰ። አለቃዬ ሆኖ ተመለሰ፤ ያ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ። ከሥራ ቃል በቀር ቃል ላልመልስለት፣ አንድ ገበታ ላልቀርብ ለራሴ ማልኩ። እሱም ብዙ አላስቸገረኝም፤ አግብቶ አልመጣም፣ ጓደኛም አላበዛም፤ ቢሮው ገብቶ በሩን ይዘጋል። ይዞት የመጣው ጉድ ግን ኮምፒዩተር ነበር። ለመለዋወጫ ዕቃ መቆጣጠሪያ ነው ተባለ። ከመጋዘኑ አጠገብ አንዲት ክፍል ተሰጠው፣ አቧራ እንዳይነካው ልብስ ተሰፋለት፤ ከእኛ የተሻለ ልብስ። ማን ይሥራበት ሲባል ጌታቸው፣ «ሥራው ብቻውን መቀመጥ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ ይመር ይሁን» አለ። እንግዲህ የግለኝነት ዝንባሌ በመጨረሻ ወንበር አገኘች።

ከማሽኑ ጋር በመጣው ካርቶን ውስጥ ምንም ያልተጻፈባት አንዲት ዲስክ ነበረች። የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ከዕቃው ጋር አብራ የመጣች መስሎኝ አስገባኋት። አረንጓዴ ፊደል ወጣና በእንግሊዝኛ «ማን መሆን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

እኔ የሕይወት ታሪክ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማን እንደነበርኩ፣ አባቴ ማን እንደነበር፣ ስንት ጥማድ መሬት እንደነበረው ያልጠየቀኝ ቢሮ የለም። ማን መሆን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከዚያ «መንገደኛ» የምትለዋን መረጥኩ።

ጨዋታ ነው፤ ግን ምኑን ጨዋታ እንደምላችሁ ይቸግረኛል። ሲጀምር እንደ ተረት ነው፤ ከሩቅ ያለች የጠፋች ከተማ ትፈለጋለች። ካርታው ላይ ስጓዝ ሽፍታ ቢመጣ መንገዱ ይጠፋና ሜዳው እንደ ቼዝ ገበታ ይሆናል፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ፣ እያሰብን እንዋጋለን። ገበያ ስገባ ጦርነቱ ይረሳና ነጋዴ እሆናለሁ፤ ጨውን ከቆላ ገዝቼ ደጋ እሸጣለሁ። የባቲ ነጋዴ በግመል የሚደክምበትን እኔ በጣቴ ሠራሁት። ወንዝ ላይ ደግሞ ጀልባ አለ፤ እዚያ ማሰብ ዋጋ የለውም፣ የጣት ፍጥነት ነው፤ ከድንጋይ ጋር እየተላተምኩ ስንቴ እንደሰጠምኩ አትጠይቁኝ። የተቆለፈ በር ሳገኝ እንቆቅልሽ ይሆናል። ሰው ሳገኝ ደግሞ አወራለሁ፤ ቃል እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል። አንዱ ሲሰለቸኝ ሌላው ይቀበለኛል። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ክበብ ሲሄድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካው ፀጥ ሲል፣ እኔ በሩን ቆልፌ እዚያ ነኝ። እንደ ልጅ እየሳቅኩ ራሴን ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ድምፁን አላወቅኩትም፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር ብያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ከመጀመሪያዋ ከተማ ልወጣ ስል የበር ጠባቂው «ብቻውን የሚሄድ ከዚህ አይወጣም» አለ። እዚህም! ወዲያ ብል ወዲህ ብል አላሳልፍም አለ። ጓደኛ መያዝ ግዴታ ነው፤ ስም የማወጣለት ግን እኔ ነኝ። ጋሻ ያዥ መረጥኩ፤ ጋሻ ያዥ ከፊት ነው የሚሄደው፣ ጦሩም ጅቡም የሚያገኘው መጀመሪያ እሱን ነው። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ጌታቸው።

እንዴት ያለ ደስታ እንደነበር አልደብቃችሁም። ጌታቸው ቅደም፤ ጌታቸው ዋሻውን እይ፤ ጌታቸው ዘንዶውን አናግር። ሄደ። ሁሌም ይሄዳል። ቆስሎ ይመለሳል፣ አያጉረመርምም። በረሃ ውስጥ ውኃ ሲያልቅብን የራሱን ድርሻ ሰጠኝ፤ ሳላዘው። ጨዋታው ነው እንጂ እሱ አይደለም ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እኔም ለራሴ እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ውሎ አድሮ ሰይፌን ሸጬ መድኃኒት የገዛሁለት እኔ ነኝ። በረንዳ ላይ እውነተኛውን ጌታቸው ፊቴን አዙሬ አልፈውና ክፍሌ ገብቼ የሌላውን ቁስል እጠግናለሁ። እንዲህ ያለ ኑሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩ ጋ ደረስን። ከታች ገደል ነው፣ ከወዲያ ከተማዋ ትታያለች፣ ከኋላ የጠላት ሠራዊት ይመጣል። የድልድዩን ሰንሰለት አንድ ሰው ይዞ ካልቆመ ሌላው አያልፍም። እቃውን ሁሉ ሞከርኩ። ድንጋይ አሰርኩበት፤ አልሆነም። እኔ ልያዝ አልኩ፤ አልተፈቀደም። ጌታቸው «አንተ እለፍ» አለና ያዘ። አለፍኩ። ዞሬ ሳይ ድልድዩ የለም፣ እሱም የለም። «ጌታቸው ከዚህ በኋላ አይከተልህም» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ዲስኳ የሆነውን ወዲያው በላይዋ ላይ ስለምትጽፍ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከወዲያ ማዶ ቆሜ ቀረሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታው ብቻዬን እንድሄድ ፈቀደልኝ፤ እኔ ደግሞ አንድ እርምጃ መራመድ አቃተኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ልብሱን አለበስኩት።

ደሴ ስደርስ እትዬ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ጌታቸው ሞተ» አልኩ።

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። የሚያጠራቅመው የበዛበት አፍ ሲከፈት የሚያወጣውን አይመርጥም።

«ኢንና ሊላሂ! ምንህ ነው?»

«አብሮኝ የነበረ ነው።»

«የት ነው የሞተው?»

«ድልድይ ላይ።»

ምስሩን ከጭናቸው አወረዱ። ያን ጊዜ ሰሜኑ ይነድ ነበር። የስንቱ እናት ልጅ አንድ የማይታወቅ ድልድይ ላይ፣ አንድ የማይታወቅ ጉብታ ላይ ነበር። የሞተ ሰው በሬዲዮ አይነገርም፤ እንዴት ሞተ ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም አይበጅም። እትዬ ፋጡማ አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ።

«ማን ነው የነገረህ?»

«ማንም። ብቻዬን ነው ያወቅኩት።»

የጮኹት ይህን ጊዜ ነው። ታውቃላችሁ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ ለብቻ አይሰማም። ማለዳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ዙሪያህን ይቀመጣሉ፣ ጠንከር ያለው አጠገብህ ይሆናል፣ ከዚያ ነው የሚነገርህ፤ ስትወድቅ የሚይዝህ እንዲኖር። መርዶ ብቻውን የሰማ ሰው ካለ ያ የሐዘንተኛው ዕድል ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ነውር ነው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። ጋሽ እንድሪስ በሚያማቸው ጉልበታቸው ተንበርክከው የድንኳን ካስማ ይመታሉ።

«መርዶ ለብቻው! በእኛ ሰፈር! እኔ ዳኛ ሆኜ!»

«ጋሽ እንድሪስ፣ እኔ እኮ ቅሬ ውስጥ የለሁም።»

«ዝም በል! አሁን የቅሬ ወሬ ነው? ና ይኼን ገመድ ያዝልኝ። ተወው፣ ተወው፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፤ ሂድ ተቀመጥ!»

«ነገሩ እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም። ሰውየው...»

«አብሽር ልጄ። አትናገር። አላህ ሶብሩን ይስጥህ።»

እውነቱን መናገር ነበረብህ ትሉኛላችሁ። ምን ብዬ? ለዚህ ሁሉ ሰው፣ ሸራ ተሸክሞ ለመጣ፣ ሌሊት ተነሥቶ ዳቦ ለጋገረ፣ «የሞተው ጥፍር የማያክል አረንጓዴ ሰው ነው» ብዬ? በአንድ ቃል ሰፈሩን መሳቂያ አደርገዋለሁ፣ በመንግሥት ንብረት ስጫወት መዋሌም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላማ በእውነት ብሞት ጅብ እንጂ ሰው በሬን አያንኳኳም። ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጠየቁኝ። ከፊት እንደሚሄድ ተናገርኩ። ውኃውን እንደሰጠኝ ተናገርኩ። እኔ እንዳልፍ ብሎ የድልድዩን ሰንሰለት ይዞ ወደ ኋላ እንደቀረ ተናገርኩ። አሮጊቷ «እኔን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ልጃቸው ከዘመተ ወሬው ጠፍቷል አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የእኔም እንባ የመጣው፤ ሲመጣ ደግሞ የሚቆም አልነበረም። ለማን እንዳለቀስኩ ደግማችሁ አትጠይቁኝ እንጂ፣ ለዚያ ሻንጣ ተውሶ ለቀረው ልጅ ይመስለኛል። ለእሱ ድንኳን የተከለለት አልነበረም።

ከቀትር በኋላ የፋብሪካው መኪና መጣ። እትዬ ፋጡማ በሰርቪሱ ሾፌር ልከው ኖሯል። ከሰዎቹ መካከል ጌታቸው አለ።

«የሥራ አለቃው ናቸው፤ ከጎኑ ቦታ ልቀቁላቸው!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ተለቀቀለት። ስንት ዓመት የተጠነቀቅኩለት መሐላ ሽማግሌው በእጃቸው ጠቁመው አፈረሱት። ለቅሶ ላይ የመጣን ሰው ተነሥ አይባልም።

«እግዜር ያጽናህ፣ ይመር» አለ። «ማን ነው የሞተው?»

መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ፋጡማ መለሱለት። «ጌታቸው የሚባል አብሮ አደጉ ነው መሰለኝ።»

«ሞክሼዬ ነዋ!»

«አዎ የኔ ጌታ። ድልድይ ላይ ነው አሉ፤ እሱ እንዲያልፍ ብሎ ሰንሰለት ይዞ ቀረ።»

ጌታቸው ዳቦ ሊያነሣ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አየሁት። ዲስኳ የማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ፤ የሞተው ማን እንደሆነ ደግሞ እሱ ገባው። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። እንደገና እጁን ቢያወጣ እንደገና ይጨበጨብብኝ ነበር። 

«አውቀዋለሁ» አለ ጌታቸው። «ጥሩ ሰው ነበር። እዚያ ድልድይ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀራል።»

«አላህ ይዘንለት» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ድንኳኑ በሙሉ አሚን አለ። ጌታቸውም አሚን አለ፤ ለራሱ።

በማግሥቱም መጣ፣ በሦስተኛውም። እጅ አስታጠበ፣ ወንበር ተሸከመ። ድንኳኑ ሲነቀል አንዱን ምሰሶ በአንድ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ ይዘን ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ስንሄድ ከፊት ሆኖ፣ ሳይዞር፣ አወራኝ።

«እዚያ አገር ክረምቱን የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቬትናማዊ ተማሪ ነው ዲስኳን የሰጠኝ። በረኛው ብቻህን አትወጣም አለኝ።»

እግሩን እያየሁ ተከተልኩት።

«ለጋሻ ያዤ ስምህን ሰጠሁት። ድልድዩ ላይ ስትቀር ጮኼ ነበር። ከጎን ያለው ተማሪ ግድግዳውን ደበደበና ዝም በል አለኝ።» ምሰሶውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «መርዶህን ለማን እነግራለሁ?»

ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ከድልድዩ ወዲያ ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ምን አለ?»

«ከተማዋ ባዶ ናት። ዙፋን አለ፤ ተቀመጥኩበት። የሚያይ አልነበረም።»

እውነቱን ይሁን ቀደዳውን አላውቅም። በስብሰባ ያደገ ሰው ነው፤ መቼ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ይቅር አላልኩትም፤ እሱም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ዲስኳንም ሁለታችንም ደግመን አላስገባናትም። ጋሽ እንድሪስ ግን ሳይጠይቁኝ ቅሬ ውስጥ አስገብተውኛል፤ ይኸው ሰው በሞተ ቁጥር ምሰሶ እሸከማለሁ። በመሐል አወራለሁ፤ ሳላውቀው ረጅም ረጅም አወራለሁ። ቂሜም በዚህ ምክንያት እንደ ድሮው የሚመች ቦታ የለውም፤ አለ፣ ግን ከስቷል።

እትዬ ፋጡማ ደግሞ ሙታንን አይረሱም። በዓመቱ ያ ሰሞን ሲመጣ «የጌታቸው ሰደቃ ደረሰ» ይሉና ዳቦ ይጋግራሉ። ሰፈሩ ይጠራል፤ ዱዓ ይደረጋል። ጌታቸውም ከኮምቦልቻ ሽቅብ ይመጣል፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የራሱን ሰደቃ ከሁሉም አብልጦ ይበላል። በቀል ካላችሁ በቀል ይኸው ነው፦ ጠላቴ በቁሙ እያለ በየዓመቱ ሰደቃ አወጣለታለሁ፣ እሱም «አላህ ይቀበለው» ብሎ ይመርቀኛል። ከመነሣቱ በፊት ግን ጎንበስ ይልና ማንም ሳይሰማ «ያንተንስ መቼ ነው የምናወጣው?» ይለኛል።

እስከዚያ ድረስ ገና አልታረቅንም።